የተዘጋ ጉድጓድ እንዴት ይቀዘቅዛል? በነዳጅና በጋዝ ጉድጓዶች ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጉድጓድ ለጥገና፣ ለሙከራ ወይም በድንገት ሲዘጋ ተረኛ ለሚሆኑ ኦፕሬተሮችና መሐንዲሶች የተዘጋጀ ነው። በምሳሌነት የያዝነው ጉድጓድ አንድ ነው፦ ምርቱ የሚወጣው በ4½ ኢንች ቱቢንግ ነው፤ ቱቢንጉን የከበበው ኬዚንግ 9⅝ ኢንች፣ የተቆፈረው ቀዳዳ ደግሞ 12¼ ኢንች ነው። በቱቢንጉና በኬዚንጉ መካከል ያለው ክፍት ቦታ፣ አኑለስ የሚባለው፣ በጨው ውሃ ተሞልቷል። ሌላ ልክ ያለው ጉድጓድ ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

ጉድጓድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የትኛው ክፍል ነው?

የጉድጓዱ አፍና አፉ ላይ የተገጠመው ብረት። የምድር መጠነ ሙቀት በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። ምርት በሚፈስበት ጊዜ ከታች የሚመጣው ትኩስ ፈሳሽ የላይኛውን ክፍል በዙሪያው ካለው ዓለት በብዙ ዲግሪ አሙቆ ያቆየዋል። የታችኛው ክፍል ግን ቢፈስም ባይፈስም ከዓለቱ ብዙ አይለይም። ስለዚህ የሚጠፋ ሙቀት ያለው ላይ ነው።

ከመሬት ወይም ከባህር ወለል በላይ ያሉት ቫልቮች፣ ቾኩ (ፍሰቱን አጥብቦ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) እና አጫጭሮቹ ማገናኛ ቱቦዎች ደግሞ ከነጭራሹ የሚያሞቃቸው ዓለት የላቸውም። ነፋስ ወይም የባህር ውሃ በቀጥታ ያገኛቸዋል። በጥልቅ ባህር ወለል ላይ ውሃው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽፋን የሌለው ቫልቭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደዚያ ይጠጋል፤ በዚያው ሰዓት ከወለሉ 500 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ቱቢንግ ገና ሙቅ ነው። «ጉድጓዱ ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የት ቦታ፣ ከተዘጋ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ከመዘጋቱ በፊትስ ስንት ጊዜ ሲፈስ ቆይቶ የሚለው ካልተጨመረበት መልስ የለውም።

ሙቀቱ የተከማቸው ድፍድፍ ነዳጁ ውስጥ ነው አይደል?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በምሳሌ ጉድጓዳችን አንድ ሜትር ርዝመት በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ሙቀት እንደሚለቅ እንቁጠር። ቱቢንጉ ውስጥ ያለው ድፍድፍ 13 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል፤ የቱቢንጉ ብረት 9፣ የኬዚንጉ ብረት 34፣ የአኑለሱ ጨው ውሃ ደግሞ 115 ኪሎጁል። የአኑለሱ ድርሻ ከድፍድፉ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ቱቢንጉ ውስጥ ያለው በ100 ባር የታመቀ ጋዝ ከሆነ ድርሻው ከ2 ኪሎጁል አይዘልም፤ ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር የለም ቢባል ይቀላል።

አኑለሱ በጋዝ የተሞላበት ጉድጓድ (ለምሳሌ በጋዝ ግፊት የሚታገዝ) ይህ ክምችት የለውም። የጠቅላላው ድምር ከ171 ወደ 61 ኪሎጁል ገደማ ይወርዳል። በሌላ በኩል ጋዝ ሙቀትን ከውሃ ይልቅ በዝግታ ያሳልፋል። ሁለቱ ውጤቶች ስለሚቃረኑ የትኛው እንደሚያሸንፍ በግምት መናገር አይቻልም፤ መሰላት አለበት።

ሙቀቱ በምን በኩል ይወጣል?

ወደ ጎን፣ ወደ ዓለቱ። ወደ ላይ በቱቦው ርዝመት የሚሄደው ከቁጥር አይገባም። ብረት በሜትር በዲግሪ 45 ዋት ገደማ ስለሚያሳልፍ እንቅፋት አይሆንም። የአኑለሱ ፈሳሽ በሙቀት ልዩነቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ሙቁ በቱቢንጉ ጎን ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በኬዚንጉ ጎን ይወርዳል። በዚህ የተነሳ ረግቶ ቢቀመጥ ከሚያሳልፈው በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ሲሚንቶው ከ0.7 እስከ 1 ዋት፣ የተለመደ ዓለት ከ2 እስከ 3 ዋት፣ የጨው ንብርብር ከ5 ዋት በላይ ያስተላልፋሉ። ጨው የሚያቋርጥ ጉድጓድ በዚያ ክፍሉ ከሌላው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለረጅም ጊዜ መዘጋት ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ዓለቱ ነው።

ከተዘጋ በኋላ እስከ መቼ ሙቅ ሆኖ ይቆያል?

ከመዘጋቱ በፊት ስንት ጊዜ ሲፈስ እንደቆየ ይወስነዋል። ሙቀት በዓለት ውስጥ የሚዘልቀው በዝግታ ነው፦ በ1 ቀን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ30 ቀን 1.6 ሜትር፣ በ3 ዓመት ወደ 10 ሜትር። ጉድጓዱ ብዙ በፈሰሰ ቁጥር በዙሪያው የሞቀው ዓለት ይወፍራል፤ ሲዘጋም ያ ዓለት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይመልሳል።

ለመነሻ ግምት የሚያገለግለው ስሌት ሄንሪ ሬሚ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሳተመው የጉድጓድ ሙቀት ትንተና ጋር የሚቀራረብ ነው። የላይኛው ክፍል በሚፈስበት ጊዜ ከዓለቱ በ40 ዲግሪ ይበልጥ ነበር እንበል፤ ዓለቱም 2.3 ዋት የሚያሳልፍ ይሁን። 30 ቀን ፈስሶ የተዘጋ ጉድጓድ በመጨረሻው ሰዓት በየሜትሩ 210 ዋት ገደማ ወደ ዓለቱ ይለቅ ነበር። ይህ ቁጥር ለ4π እና ለዓለቱ አስተላላፊነት ብዜት ሲካፈል 7.3 ዲግሪ ይሆናል። ቀሪው ትርፍ ሙቀት 7.3 ሲባዛ በሎጋሪዝም (በተፈጥሯዊው) ነው፤ ሎጋሪዝሙ የሚወሰደው የፈሰሰበትና የተዘጋበት ጊዜ ድምር ለተዘጋበት ጊዜ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር ነው። በዚህ መሠረት ከ1 ቀን በኋላ 25 ዲግሪ፣ ከ10 ቀን በኋላ 10 ዲግሪ፣ ከ30 ቀን በኋላ 5 ዲግሪ ትርፍ ይቀራል።

ያው ጉድጓድ 3 ዓመት ፈስሶ ቢሆን ኖሮ ከ10 ቀን በኋላ 20 ዲግሪ፣ ከ30 ቀን በኋላም 16 ዲግሪ ይቀረው ነበር። አዲስ ጉድጓድ ላይ የተለካውን የመቀዝቀዣ ጊዜ ለዓመታት በምርት ላይ ለቆየ ጉድጓድ መጠቀም አላስፈላጊ ኬሚካል ያስወጣል። የተገላቢጦሹ ግን የባሰ ነው፦ የቆየ ጉድጓድን ልምድ ይዞ በቅርቡ የተከፈተን ጉድጓድ መጠበቅ ሃይድሬት (ውሃና ጋዝ ተጣምረው የሚሠሩት በረዶ መሰል ድፍን) ያመጣል።

ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህ ስሌት አይሠራም፤ እዚያ የሚቆጣጠረው ቀደም ብለን የቆጠርነው የፈሳሹና የብረቱ ክምችት ነው። 210 ዋት ለ171 ኪሎጁል ሲካፈል በመጀመሪያው ሰዓት 4 ዲግሪ ገደማ መውረድ ያሳያል፤ ከዚያ ፍጥነቱ በፍጥነት ይቀንሳል።

የጋዝ ጉድጓድ ሲዘጋ የአፉ ግፊት ወጥቶ ወጥቶ ከዚያ የሚወርደው ለምንድን ነው? የሚያፈስ ቫልቭ አለ ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። 3,000 ሜትር ቁመት ያለው የጋዝ ዓምድ በሜትር ኩብ በአማካይ 150 ኪሎ ግራም ቢመዝን ክብደቱ ብቻ 44 ባር ነው። አማካይ ሙቀቱ ከ360 ኬልቪን በ20 ዲግሪ ሲወርድ ጋዙ በ6 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ከታች ያለው ግፊት ሳይለወጥ የአፉ ግፊት በ2.5 ባር ያህል ይወርዳል። የአፉን ግፊት ብቻ ይዞ የሪዘርቮየር (ጋዙን የያዘው የዓለት ንብርብር) ግፊት እየወረደ ነው ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው። የግፊት መለኪያው ከምርት ንብርብሩ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብሎ በተሰቀለበት ጉድጓድም ያው ችግር በትንሹ ይኖራል፤ ንባቡ በዓምዱ ቅዝቃዜ መታረም አለበት።

የታሸገ አኑለስ ግፊትስ ምን ይነግረናል?

የታሸገ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ለውጥ ግፊቱ በብዙ ባር ይለዋወጣል። ዙሪያው ፍጹም ግትር ቢሆን በ20 ዲግሪ አካባቢ በየዲግሪው 4.5 ባር፣ በ50 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ 10 ባር ይሆን ነበር። ኬዚንጉ ስለሚለጠጥ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ያንሳል፤ ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ የማርሊን መድረክ ላይ አንድ ጉድጓድ ምርት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ የተበላሸው በዚህ ዓይነት የአኑለስ ግፊት ምክንያት መሆኑ በሰፊው ተዘግቧል።

ጉድጓድ ሲዘጋ ነገሩ ይገለበጣል። ጤነኛ የታሸገ አኑለስ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ተዘግቶ እየቀዘቀዘ ግፊቱ ካልወረደ፣ ይባስ ብሎ ከወጣ፣ ከቱቢንጉ ወይም ከዓለቱ የሚገባ ነገር አለና መመርመር አለበት። በተቃራኒው ምርት ላይ እያለ ግፊቱ በዝቷል ተብሎ ብዙ የተነፈሰ አኑለስ ሲቀዘቅዝ ከከባቢ አየር በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ላላ ያለ ማሸጊያ አየር ያስገባል፤ ኦክስጅን ሲገባ ደግሞ ዝገት ይከተላል። የተነፈሰው መጠን በሊትር ተመዝግቦ ቢቀመጥ ሲዘጋ ስንት መሞላት እንዳለበት ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ይህን የሚመዘግብ ግን ጥቂት ነው።

ሃይድሬት የሚያሰጋው መቼ ነው?

ጋዝ፣ ውሃ፣ ግፊትና ቅዝቃዜ አንድ ላይ ሲገናኙ። ለንጹህ ሚቴን በ4 ዲግሪ 40 ባር ገደማ፣ በ10 ዲግሪ 70 ባር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 200 ባር አካባቢ ይበቃዋል። ፕሮፔን ያለበት ጋዝ ከዚያ ባነሰ ግፊት ይሠራዋል። የተዘጋ ጉድጓድ አፍ ላይ ብዙ መቶ ባር መኖሩ የተለመደ ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ እንኳ ከአደጋ ውጭ ላይሆን ይችላል።

ጉድጓዱ ሲረጋ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፈሳሹ ይወርዳል። ላይ የሚቀረው ውሃ በቱቦው ግድግዳ ላይ የጤዛ ያህል የሚይዝና በቫልቮች ስርጉድ ውስጥ የተኛው ነው። ይህች ጥቂት ውሃ ቫልቭ ለማጣበቅ ትበቃለች። የደህንነት ቫልቩ ከመሬት በታች የሚገጠምበት ጥልቀት ሲመረጥ ሃይድሬት ሊፈጠር ከሚችልበት ክፍል በታች እንዲሆን የሚደረገውም ለዚህ ነው።

መከላከያው ሜታኖል ወይም ግላይኮል ነው። በውሃው ክብደት ስሌት 20 በመቶ ሜታኖል የሃይድሬቱን መነሻ በ10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። ግን ከሜታኖሉ የተወሰነው ወደ ጋዙና ወደ ድፍድፉ ስለሚያመልጥ ከስሌቱ በላይ ማስገባት ያስፈልጋል። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሜታኖል ከውሃ ይቀላልና የረጋ ውሃ ላይ ሲፈስ ከላይ ይንሳፈፋል። ግላይኮል ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ውሃው በተኛበት ቦታ ላይ ሳይረብሹ ሜታኖል መጨመር ከታች ያለውን ውሃ ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

ሃይድሬት ከዘጋውስ?

ከአንድ ጎን ብቻ ግፊት አይቀነስም። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሬት ሲቀልጥ በመደበኛ ሁኔታ ወደ 160 ሜትር ኩብ ጋዝ ይለቃል፤ አንዱ ጎኑ ግፊት ያለበት ድፍን ደግሞ ሲላቀቅ በከፍተኛ ፍጥነት ተወርውሮ ቱቦና ቫልቭ ይሰብራል። ግፊቱ ከሁለቱም ጎን እኩል እየተመጣጠነ ይወርዳል። ከውጭ ማሞቅ ካስፈለገም ከጫፍ ነው እንጂ ከመሃል አይጀመርም፤ መሃሉ ቀድሞ ከቀለጠ ጋዙ ማምለጫ ያጣል።

ጉድጓዱ እንደተዘጋ ምን በምን ቅደም ተከተል ይሠራል?

ለባህር ውስጥ ጉድጓዶች የሚሠራበት አካሄድ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

1. የተዘጋበት ሰዓት፣ የአፉ መጠነ ሙቀትና ግፊት፣ የመጨረሻው የፍሰት መጠንና የውሃ ድርሻ ወዲያውኑ ይመዘገባሉ። የመቀዝቀዣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከዚህ ነው።
2. ምንም ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ቦታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይታቀዳል። አብዛኛው ድንገተኛ መዘጋት በዚህ ጊዜ ውስጥ ይፈታል።
3. ካልተፈታ ለረጅም መዘጋት ዝግጅት ይጀመራል። ሜታኖል መጀመሪያ ቶሎ ወደሚቀዘቅዙት ይገባል፦ ቫልቮቹ፣ ቾኩ፣ ማገናኛ ቱቦዎቹ፣ ፈሳሽ የማይዘዋወርባቸው ጥጎች።
4. ቀጥሎ የቱቢንጉ የላይኛው ክፍል እስከ ደህንነት ቫልቩ ድረስ ይሞላል።
5. የወለል ቱቦዎች ግፊታቸው ይቀነሳል ወይም ጋዙ በወጣለት ድፍድፍ ይተካሉ።

ሰዓቱ ሲታቀድ ለሁሉም ጉድጓድ አንድ ፓምፕ ብቻ እንዳለ መርሳት አይገባም። ስድስት ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ቢዘጋና ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ የመጨረሻው ተራው የሚደርሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው ቶሎ በሚቀዘቅዘውና ውሃ በሚበዛበት ነው፤ በጉድጓዱ ቁጥር አይደለም።

ሰም ያለበት ድፍድፍ ሲቀዘቅዝስ?

በሚፈስበት ጊዜ ሰም የቱቦውን ግድግዳ እየለበሰ ይወፍራል። ሲዘጋ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ መላው ዓምድ እንደ ጄሊ ይረጋል። የሰም ቅንጣት መታየት የሚጀምርበት መጠነ ሙቀት በብዙ ድፍድፎች ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ መርጋቱ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

የረጋውን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ግፊት ቀላል ስሌት አለው፦ የመርጋት ጥንካሬው በ4 እና በርዝመቱ ተባዝቶ ለቱቦው የውስጥ ዲያሜትር ይካፈላል። ጥንካሬው 50 ፓስካል፣ ርዝመቱ 1,000 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 0.1 ሜትር ከሆነ 20 ባር ይመጣል። የጉድጓዱ ግፊት ይህን ካልቻለ ከላይ ፓምፕ ወይም የሚቀልጥበት ሙቀት ማምጣት ነው። የመርጋት መከላከያ ኬሚካል የሚሠራው ሰሙ ገና ቅንጣት ሳይሆን ከድፍድፉ ጋር ሲቀላቀል ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ቱቢንጉ ሲቀዘቅዝ ያጥራል?

አዎ። 3,000 ሜትር ቱቢንግ በአማካይ በ30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 1.1 ሜትር ገደማ ሊያጥር ይፈልጋል። ታች በፓከር (ቱቢንጉን ከኬዚንጉ ጋር በሚያሽገው መሣሪያ)፣ ላይ በጉድጓዱ አፍ ከተያዘ ማጠር ስለማይችል 75 ሜጋፓስካል የሚሆን የመሳብ ጫና ይፈጠራል፤ በዚህ ልክ ቱቢንግ ላይ 17 ቶን ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። ይህ ብቻውን ቱቢንግ አይበጥስም። አደገኛው በዚህ ላይ ጉድጓዱን ለመግደል (ፍሰቱን በፈሳሽ ክብደት ለማቆም) ቀዝቃዛ ፈሳሽ በብዛት ሲጨመርበት ነው። ተንሸራታች ማሸጊያ ባለው ጉድጓድ ደግሞ የመንሸራተቻው ርዝመት ለዚህ ማጠር በቂ መሆኑ ቀድሞ ይረጋገጣል።

መልሶ ሲከፈት ቀስ ማለት አይሻልም?

ሁልጊዜ አይደለም። ቀዝቃዛ ጋዝ በቾክ አልፎ ሲሰፋ በየባሩ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በ200 ባርና በ10 ዲግሪ የተዘጋ ጋዝ ወደ 40 ባር ሲለቀቅ 50 ዲግሪ ያህል ወርዶ ከዜሮ በታች 40 ሊደርስ ይችላል። በኤፒአይ 6ኤ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የጉድጓድ አፍ መሣሪያዎች መስፈርት) ምደባ የ«ዩ» ክፍል መሣሪያ የተፈቀደለት እስከ −18 ዲግሪ፣ የ«ፒ» እስከ −29፣ የ«ኤል» እስከ −46፣ የ«ኬ» ደግሞ እስከ −60 ነው። ጉድጓዱ የተገጠመለት የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ቾክ አይከፈትም።

ቾኩን በጣም አጥብቦ ለረጅም ጊዜ ማቆየት የቅዝቃዜውን ጊዜ ያራዝመዋል፤ ከታች የሚመጣው ሙቀት ቶሎ አይደርስማ። የተሻለው ከቾኩ በኋላ ያለውን ቱቦ አስቀድሞ በግፊት መሙላት፣ ሜታኖል ከቾኩ በፊት ማስገባት፣ ከዚያ መሣሪያው እስከሚፈቅደው ድረስ ፍሰቱን ሳያመነቱ ማሳደግ ነው። የሙቀት መለኪያውን ንባብ በጥርጣሬ ይዩት፦ ቀዝቃዛው ነጥብ ከቾኩ መውጫ አጠገብ ነው፤ መለኪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜትሮች አልፎ፣ በወፍራም ብረት ኪስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደቂቃዎች ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ቾኩ ላይ ውርጭ እየጋገረ ማያው 5 ዲግሪ ቢያሳይ ውርጩን ይመኑ።

በነዳጅ ጉድጓድ ደግሞ 3,000 ሜትር ቱቢንግ የሚይዘው 24 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ቢፈስ በግማሽ ሰዓት ይተካል። ይሁን እንጂ አኑለሱና ብረቱ ሙቀቱን እየወሰዱ ስለሚሞቁ አፉ ላይ የተለመደው ዲግሪ የሚታየው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ሜታኖሉን ገና የመጀመሪያው ትኩስ ፈሳሽ እንደታየ ማቋረጥ የችኮላ ስህተት ነው።

ቱቢንጉን መሸፈን ችግሩን ይፈታል?

በከፊል። የቫክዩም ቱቢንግ (ባለ ሁለት ግድግዳ ሆኖ በመካከሉ ያለው አየር የወጣለት) ምርት ሲፈስ አፉን ያሞቃል፣ የአኑለሱንም ግፊት ይቀንሳል። ነገር ግን ሽፋን ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም። ቱቢንጉ ሲሸፈን አኑለሱና ዓለቱ ቀዝቃዛ ሆነው ይቀራሉ፤ ሲዘጋ መልሰው የሚሰጡት ክምችት የለም። በየመገጣጠሚያው ላይ ያለው ያልተሸፈነ ብረትም ሙቀት ያሾልካል። ረጅም መዘጋት በሚበዛበት ቦታ ከሽፋኑ ጋር የሜታኖል ዕቅድ የግድ ነው።

መሬቱ ራሱ በረዶ በሆነበት አካባቢስ?

ምርቱ በዙሪያው ያለውን የበረዶ መሬት ያቀልጣል፤ ሲዘጋ መልሶ ይረጋል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ፣ በሁለት ኬዚንጎች መካከል የታሰረ ውሃ የውስጠኛውን ኬዚንግ ሊጨፈልቅ ይችላል። በዚያ ጥልቀት አኑለሱ ውስጥ ውሃ አይተውም፤ ናፍጣ ወይም ሌላ የማይረጋ ፈሳሽ ይሞላል። ቱቢንጉም ከመዘጋቱ በፊት በዚያው ክፍል በናፍጣ ይተካል።

የመቀዝቀዝ ሞዴሉ ከተለካው ለምን ይለያል?

ብዙውን ጊዜ ከሒሳቡ ሳይሆን ከገባው መረጃ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የምርት ታሪኩን ትቶ «ሙሉ በሙሉ የረጋ ፍሰት» ከሚለው መነሳት ነው። ሁለተኛው የአኑለሱን ፈሳሽ የማይንቀሳቀስ አድርጎ ማስላት። የፈሳሹ ከፍታ በትክክል ሳይታወቅ፣ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ጋዝ እያለ ሙሉውን በጨው ውሃ መሙላትም አለ። በአፉ ላይ ያሉትን ጥጎች ከሞዴሉ ማስወጣት ደግሞ ቀድሞ የሚቀዘቅዘውን ነጥብ ማስወጣት ነው።

ማረሚያው በቱቢንጉ ርዝመት የተዘረጋ የፋይበር ኦፕቲክ ሙቀት መለኪያ ነው፤ በየሜትሩ ንባብ ይሰጣል። የሌለው ጉድጓድ በባለው መለኪያ ያነበበውን መጠነ ሙቀት በሆርነር መንገድ፣ ማለትም ቀደም ብለን ካየነው የጊዜ ሎጋሪዝም (የፈሰሰበትና የተዘጋበት ጊዜ ድምር ለተዘጋበት ጊዜ ተካፍሎ) አንጻር፣ ይሥል፤ ቀጥ ያለው መስመር የሚጠቁመው መጠነ ሙቀት ያልተነካው ዓለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንባቦች ከመስመሩ ያፈነግጣሉ፤ እነሱን ጨምሮ መስመሩን ማስመር ውጤቱን ያዛባል። ውሃ በሚወጋበት ጉድጓድ ደግሞ ይኸው ፋይበር ሌላ ሥራ ይሠራል፦ ሲዘጋ ወደ ዓለቱ ሙቀት ለመመለስ ከሁሉ የሚዘገየው ንብርብር ብዙውን ቀዝቃዛ ውሃ የወሰደው ነው።